አቶ ኢቲቻን «የግንዛቤ እጥረት አለባቸው» ላሉ የፖለቲካል ኢኮኖሚ ትምህርት ክፍል ኃላፊ

ይድረስ ለተከበሩ ዶክተር ምንያህል፣ የፖለቲካል ኢኮኖሚ ትምህርት ክፍል ኃላፊና የመመረቂያ ጽሑፎች ገምጋሚ ቦርድ ሰብሳቢ፤
ባሉበት።

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን፣ ዓይንዎን፣ በተለይም ጆሮዎን እንዴት አድርጎዎታል? ጆሮዎን ለይቼ መጠየቄ ያለ ነገር አይደለም፤ የእኔ የመመረቂያ ጽሑፍ በተገመገመበት ዕለት አንድ ሽማግሌ ከመጨረሻው ወንበር ተነስተው የተናገሩትን እርስዎ ፈጽሞ ሌላ ነገር አድርገው ስለተቀበሉት፣ ብርድ ገብቶበት እንዳይሆን ሰግቼ ነው። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ፤ ንዴት ጤና ከሆነማ እንደ እኔ ጤነኛ የለም።

ተማሪ ስለሚበዛብዎት ካላስታወሱኝ፣ ጠይባ ሱፊያን እባላለሁ። ቀን ቀን ጉርድ ሾላ ላይ የፎቶ ኮፒና የጥራዝ ሱቅ አለኝ፤ ማታ ማታ እርስዎ ዘንድ ፖለቲካል ኢኮኖሚ እማራለሁ። ስመዘገብ አባቴ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሱቅ ውስጥ ያሳለፉ ሰው ናቸውና፣ «ልጄ፣ ኢኮኖሚውን ተማሪ፤ ፖለቲካውን ለባለቤቱ ተይለት» ብለው መክረውኝ ነበር። እኔ ደግሞ የአባትን ምክር ንቄ ሁለቱንም አንድ ላይ ተመዘገብኩ። ሁለት ዓመት ተምሬ ስጨርስ የትምህርት ክፍሉም ለካ ከአባቴ ጋር አንድ ሐሳብ ኖሯል፤ ይህንን ቀድሞ የሚነግረኝ ባገኝ የታክሲዬንም፣ የእንቅልፌንም ባተረፍኩ ነበር።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሌላ ሰውም እንዳይቸገር ጉዳዩን ከመነሻው ላስታውስዎ። ያደግኩት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ ሲወጣ፣ ቤቶቹ አልቀው ባሕር ዛፉ ሊጀምር ሲል በነበረ ሰፈር ነው። ነበረ እላለሁ፣ ምክንያቱም አሁን የለም። መሬቱ ለልማት ተፈልጎ ቤቶቹ ፈረሱ፤ ነዋሪውም ዕጣ እያወጣ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ሳይገናኝ፣ በከተማው ዳርቻ ባሉ ኮንዶሚኒየሞች ተበተነ። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም የሆነው ዕድራችን ግን አልፈረሰም። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ አንድ አባል ግቢ ተቀምጦ፣ ሰው ሲሞት እየተደዋወልን እንሰበሰባለን። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለዚህ ዕድር ነው። ቦርዱ «በማስተካከያ ያልፋል» ብሎኛል፤ ማስተካከያውም አራተኛውን ምዕራፍ አውጥቼ፣ በምትኩ «የችግሩ መንስኤ የነዋሪዎቹና የዕድሩ አመራር የግንዛቤ እጥረት ነው» ብዬ እንድጽፍ ነው። ካልጻፍኩ ዘንድሮ አልመረቅም። ከጻፍኩ ደግሞ አቶ ኢቲቻ የሚባሉ የዕድራችን ሊቀመንበር የነበሩ ሰው፣ ከላይ ያነሳኋቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ያችን ዓረፍተ ነገር ይዘው መቃብር ይገባሉ። የማጋንን እንዳይመስልዎት፤ መንገዱን ጀምረውታል።

እንግዲህ ቅሬታ የሚለው ቃል ለክቡርነትዎ ስለማይመጥን፣ የሚከተሉትን ምስጋናዎች ብዬ ቆጥሬያቸዋለሁ።

፩ኛ. ርዕሴን ስለ ማስዋብዎ አመሰግናለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት እርስዎ ራስዎ ሰሌዳው ላይ ሦስት ጥያቄ ጽፈው ነበር፦ ማን ይወስናል? ማን ይጠቀማል? ማን ይከፍላል? ፖለቲካል ኢኮኖሚ ማለት ይኸው ነው፣ ሌላው ጌጥ ነው አሉን። እኔ የዋህ ነኝ፤ መምህር የተናገረውን አምናለሁ። ስለዚህ ርዕሴን «ዕድር ሲበተን፦ ማን ወሰነ፣ ማን ተጠቀመ፣ ማን ከፈለ» አልኩት። ከቢሮዎ ሲመለስልኝ «የዕድሮች ሚና ለማኅበራዊ ትስስር መጠናከር፦ በየካ ክፍለ ከተማ» ሆኖ ጠበቀኝ። የተበተነ ዕድር እንዴት አድርጎ ትስስር እንደሚያጠናክር ብጠይቅ፣ «ሚና» የሚለው ቃል ሁሉን ይችላል ተባልኩ። እውነትም ሁሉን ይችላል፤ ሦስቱን ጥያቄዎችዎን ዋጥ አድርጎ እንኳ አላገሳም።

፪ኛ. አራተኛውን ምዕራፍ «ተረት ይመስላል» ብለው ስላሞገሱልኝ አመሰግናለሁ። ተረት ቢሆን ምንኛ በወደድኩ! ላላነበቡት ሰዎች ስል ታሪኩን እዚህ ላስፍረው።

እትዬ ወለተማርያም የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን። እናቴ ስትሞት እኔ ልጅ ነበርኩ፤ እሳቸው አንገታቸው ላይ ማተባቸውን እንዳሰሩ ከሙስሊም ሴቶች ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሦስት ቀን ከጎኔ አልተነሱም። በሰፈራችን ለቅሶ ካለ ቀድመው የሚደርሱት፣ ድስት የሚጥዱት፣ ሰው ሁሉ ሲበተን ወንበር ቆጥረው የሚያስረክቡት እሳቸው ነበሩ። ሰፈሩ ሲፈርስ ዕጣቸው የእኛ ሰው አንድም ያልደረሰበት ኮንዶሚኒየም ወጣና ከልጃቸው ከአምለሰት ጋር አራተኛ ፎቅ ገቡ። እዚያ ያለው ዕድር በደስታ መዘገባቸው። ደንቡ ግን አዲስ አባል ግማሽ ዓመት ሳይሞላው ድንኳን አያገኝም ይላል፤ እሳቸው ደግሞ ጊዜውን ሳይሞሉ በሐምሌ አረፉ።

የአዲሱ ዕድር ሊቀመንበር አቶ የማነ ደግ ሰው ናቸው። «ደንብ ለሰው እንጂ ሰው ለደንብ አልተፈጠረም» ብለው ድንኳናቸውን አስጭነው ላኩ፤ ራሳቸውም ተከትለው መጡ። አቶ ኢቲቻም መርዶውን በስልክ እንደሰሙ የኛን ድንኳን አይሱዙ ላይ አስጭነው፣ ሽማግሌዎቹን ይዘው፣ ከተማውን አቋርጠው ደረሱ። ሁለቱ መኪናዎች ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ። አቶ ኢቲቻ የድንኳን ብረት የጫነውን መኪና ሲያዩ፣ ባለቤቱ መጥቷል፣ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፣ በሰው ደጅ ድንኳን መትከል ያንን ዕድር መናቅ ነው ብለው ሹፌሩን «አዙር» አሉት። አቶ የማነ በበኩላቸው ጋቢ የለበሱትን ሽማግሌዎች ሲያዩ፣ የዕድሜ ልክ ዕድራቸው መጥቶ ሳለ እኛ ብንደነቀር ቅር ይላቸዋል ብለው የራሳቸውን መኪና መለሱት። አንዱ በዋናው በር፣ ሌላው በጓሮው በኩል፣ አንዱ የሌላውን መመለስ ሳያይ፣ ሁለቱም ነውር ላለመሥራት ሄዱ።

ነገሩ በዚህ እንኳ ቢቆም ደግ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው አስቀበሩ። አቶ ኢቲቻ «ስለ ሁሉም ነገር እግዚአብሔር ይስጥልን» አሏቸው፤ አቶ የማነም «ኧረ ምስጋናው ለእናንተ ነው» ብለው መለሱላቸው። ድንኳን የምትል ቃል ከአንዳቸውም አፍ አልወጣችም፤ በለቅሶ ላይ «እኔ ይህን አመጣሁ፣ አንተስ ምን አመጣህ» ብሎ የሚቆጥር ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ከቀብር ስንመለስ ታዲያ ድንኳን የለም። ዝናቡ ግን አለ፤ የሐምሌ ዝናብ ይሉኝታ አያውቅም። ሴቶቹ በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ከላይ እስከ ታች ተደርድረን ተቀመጥን፤ ነዋሪዎቹ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያሉ በመሃላችን ወጡ፣ ወረዱ። ወንዶቹ የብሎኩን ግድግዳ ተጠግተው ጋቢያቸው እስኪጨመቅ ድረስ በሰበሱ። አምለሰት «እናቴ ስንቱን ቀብራ፣ ስንቱን ቀብራ፣ ለራሷ ድንኳን አጣች» ብላ ስትጮህ፣ ሁለቱ ሊቀመንበሮች ተያዩ፤ ያኔ ገባቸው። መኪናዎቹ ተጠርተው፣ በዝናብና በተዘጋጋ መንገድ ተንቀርፍፈው ሲደርሱ ለቀስተኛው ተበትኖ ነበር። አምለሰት ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈራችንን ሰው ስልክ አታነሳም።

ይህ ነው ምዕራፉ። እነዚህ ሰዎች ደንቡን አላወቁም? አወቁ እንጂ! ከእርስዎም ከእኔም አብልጠው አወቁ፤ ያጠፋቸውም አብዝተው ማወቃቸው ነው። ደንቡ ግን የተበጀው አንድ ሰፈር አንድ ዕድር በነበረው ጊዜ ነበር። አንዲት ሟች ሁለት ዕድር ኖሯት ከሁለቱም እንድታጣ ያደረገው ዕጣው ነው። ጎረቤት ከነጎረቤቱ ይሂድ ወይስ ይበተን የሚለውን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ የወሰነ ሰው አለ፤ ሲወስንም እንደ አቶ ኢቲቻ ካለ ሰው አንድ ቃል አልጠየቀም። እኔ የጻፍኩት ይህንን ነው። ሰሌዳው ላይ የነበረውን ነው የጻፍኩት፣ ዶክተር።

፫ኛ. የሥነ ምግባር ኮሚቴው ለተጠኚዎች መብት ስለ ማሰቡ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በምዕራፉ ስማቸው የተነሳ ሰዎች ሁሉ የፈቃደኝነት ቅጽ መፈረም ስላለባቸው፣ እትዬ ወለተማርያም አለመፈረማቸው በቀይ እስክሪብቶ ተመልክቷል። አስተያየቱን በትሕትና ተቀብያለሁ፤ መቼ እንደማገኛቸው ግን ቀን ቆርጬ መናገር አልችልም። ምናልባት ክቡርነትዎ ከእኔ ቀድመው የሚያገኟቸው ከሆነ፣ አፌን ቁርጥ ያድርገውና፣ ቅጹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ።

፬ኛ. «የግንዛቤ እጥረት» የሚለውን ግኝት በነፃ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ፤ ለካ ከሐምሌ ጀምሮ ዳገት ስወጣ ስወርድ የፈለግሁት ቢሮዎ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ስጠርዝ ገጽ እንዳይጎድል መጨረሻውን ገልጬ ማየት ልማዴ ነው። ስለ ውኃ መጥፋት የተጻፈው፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ የተጻፈው፣ ስለ ቤት ኪራይ የተጻፈው፣ ስለ ሥራ አጥነት የተጻፈው፣ ሁሉም መጨረሻው አንድ ነው፦ ለኅብረተሰቡ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ይሰጥ። ውኃ ያጣ ሰው ውኃ ማጣቱን ይገንዘብ ማለት ነው። ይህ ሕዝብ ግንዛቤ ሲያስጨብጡት ውሎ ሲያስጨብጡት አድሮ፣ እጁ ሞልቶበት ይሆናል ሌላ ነገር መጨበጥ ያቃተው። ደንበኞቼ ስለሆኑ እስከ ዛሬ የሆዴን በሆዴ ይዤ እጠርዝላቸው ነበር። የራሴን ግን እንዴት አድርጌ ልጠርዘው?

፭ኛ. የመጨረሻው ምስጋና ስለ ግምገማው ዕለት ነው፤ እዚህ ላይ ጨዋታዬ ቢያልቅብኝ ይቅርታ ይደረግልኝ።

እንደ ወጉ የታሸገ ውኃና ኩኪስ አቅርቤ፣ ቦርዱም ሳይጸየፍ ስለቀመሰልኝ ኮርቼ ነበር። አቶ ኢቲቻን የጋበዝኳቸው እኔ ነኝ። የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ለሰርግ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ከሁሉ ቀድመው መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ለእሳቸው ዩኒቨርሲቲ ማለት ከሰበር ችሎት በላይ ያለ ችሎት ነው። ከዚያ ለቅሶ በኋላ በተገናኘን ቁጥር «መኪናውን ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ እንደሆነና እንዳልሆነ ተምረሽ ትነግሪኛለሽ» ይሉኝ ነበር። እኔ አይደለም ብላቸው አያምኑም፤ የጎረቤት ልጅ ያሳደገውን ሽማግሌ ከዚህ ሌላ ምን ሊለው ኖሯል? ፍርዱን ከእርስዎ ሊሰሙ መጡ።

እርስዎም ፈረዱ። «ጉዳዩ በአጭሩ የግንዛቤ እጥረት ነው፤ የዕድሩ አመራር ቀላል የመረጃ ልውውጥ ማድረግ አልቻለም» አሉ። ለእንግዶቹ ብለው ከእንግሊዝኛው ቀጥሎ በአማርኛ ስለ መድገምዎ በጣም አመሰግናለሁ፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ቀርቶ ቢሆን ሽማግሌው ሳይሰሙት በሰላም ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። ከዚያ «ጥያቄ ያለው» ሲሉ አቶ ኢቲቻ ተነሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ጌቶቼ፣ አዙር ያልኩት እኔ ነኝ፤ ልጅቷን አትጉዱብኝ። ነውር እንዳይሆን ብዬ ነው፤ አላወቅሁም። ይቅር በሉኝ» ብለው ወደ ጠረጴዛችሁ ጎንበስ አሉ።

በእኛ አገር ትልቅ ሰው ለይቅርታ ጎንበስ ሲል የተቀመጠ ሰው ይነሳል። አራት የተማሩ ሰዎች ተቀምጣችሁ አያችኋቸው። እኔ ሮጬ እስክደርስ ድረስ «ኧረ አባባ ቀና ይበሉ» ያለ ጠፋ። ክቡርነትዎ ግን ዝም አላሉም፤ «እናመሰግናለን፤ ይህ አስተያየት ግኝቱን ያረጋግጥልናል» አሉ። ቃለ ጉባኤው ላይም «በቦታው የተገኙት የኅብረተሰቡ ተወካይ የግንዛቤ እጥረት መኖሩን አምነዋል» ተብሎ ተጻፈ። ሱብሃነላህ! የአንድ ሰው ይቅርታ እንዲህ በፍጥነት ማስረጃ ሲሆን አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ አቶ ኢቲቻ ሊቀመንበርነቱን አስረከቡ። ለቅሶ አይሄዱም፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ሰው ሲቀብሩ የኖሩ ሰው ለቅሶ ከቀሩ ምን እንደቀራቸው አስቡት። ጠዋት እንጦጦ ራጉኤል ይወጡና ከቅጥሩ ውጭ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ወደ ውስጥ አይገቡም። ባለቤታቸው እህል አልቀምስ አሉኝ ብለው ሱቄ ድረስ መጥተው አለቀሱ። ዳገቱን ወጥቼ አጠገባቸው ብቀመጥ፣ «ዩኒቨርሲቲው ከፈረደ በኋላ ምን ቀረ፣ ጠይባዬ» አሉኝ። ወላሂ፣ በጣም ነው የምፈራው፣ ዶክተር። ሰውዬው ከስተው ኮታቸው የሌላ ሰው መስሏል።

ስለዚህ ማስተካከያውን አልጽፍም፤ ዲግሪውም ይቆየኝ። ምዕራፉን እንዳለ መልሼ አስገብቼዋለሁ፤ ጣሉኝ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስለ አቶ ኢቲቻ የተጻፈችው መስመር ከቃለ ጉባኤው ትሰረዝና፣ «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» የሚል ወረቀት በትምህርት ክፍሉ ማኅተም ለእሳቸው ይድረሳቸው። ያለ ማኅተም አያምኑም፤ የእኔን ቃል ስንቴ ነግሬያቸው አላመኑም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጻፍ ልምዱ ከሌላችሁ፣ ጉርድ ሾላ ብቅ ብትሉ እኔ እተይብላችኋለሁ፤ ከእናንተ የሚፈለገው ማኅተሙ ብቻ ነው። ደግሞ ፍጠኑልኝ። ክረምት ሳይገባ፣ ሰውዬው ሳሉ።

ሦስቱን ጥያቄዎች ስላስተማሩኝ ባለውለታዎ፣ መልሱን ስለጻፍኩ የማልመረቅ ተማሪዎ፣ ለሹመትዎ ዕድሜን፣ ለጆሮዎ ጤናን ከልቧ የምትመኝ፣

ጠይባ ሱፊያን
ጉርድ ሾላ፣ ከፎቶ ኮፒው ሱቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ አደባባይ ከማውጣቴ በፊት እንጦጦ ወጥቼ ለአቶ ኢቲቻ አነበብኩላቸው። አልወደዱትም፤ «የተማረ ሰው እንዲህ አይባልም» ብለው ተቆጡኝ። ቀጥለው «ለመሆኑ ዶክተሩ ዕድራቸው የት ነው» አሉኝ። የሚኖሩበት አፓርትመንት ዕድር እንደሌለው፣ እርስዎም ጊዜ ስለሌለዎት የትም እንዳልገቡ ከቢሮዎ የሰማሁትን ነገርኳቸው። ከግምገማው ወዲህ ለቅሶ የቀሩት ሰውዬ ደንግጠው ብድግ አሉ፤ «ታዲያ ይህ ሰው ምን ሊሆን ነው? አንድ ነገር ቢሆን ማን ሊያነሳው ነው?» እያሉ ዳገቱን ከእኔ ቀድመው ወረዱ። በማግስቱ የዕድራችንን አዲስ ሊቀመንበር ለምነው፣ አዲስ አባል የሚጠብቀው ጊዜ ለእርስዎ እንዲነሳልዎ አስፈቅደዋል። በዕድሩ ደንብ ስም እስከ አያት ስለሚመዘገብ፣ የአባትዎንና የአያትዎን ስም ቢልኩልን።